የአስናቀ ደንበኛ

ዛሬ ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ጥርሴን እየፋቅኩ ነበር። የሰፈራችን ጡሩምባ ነፊ ድምፁ የሰለለ ሽማግሌ ነው፤ የሟቹን ስም አንዴ ይጠራና ሊደግመው ሲል ሳል ያቋርጠዋል። ስሙን የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ አንዴም በቃኝ። ልብስ ሰፊው አስናቀ አርፏል፣ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። የጎረቤቴ ሚስት በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ ጋሼ ፈንታሁን፣ ያ ፒያሳ ያለው አንካሳው ሰፊ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ነው አልኳት። ነፍስ ይማር፣ የልጆቼን ዩኒፎርም የሚሰፋልኝ እሱ ነበር አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ መፋቂያውን እንደያዝኩ ደጃፌ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ፈለግኩ። ግን ሚስት የሌለው ሽማግሌ ለአንድ ልብስ ሰፊ በጠዋት ደጁ ላይ ተቀምጦ ቢያለቅስ ሰው ምን ይላል? ሰው ምን ይላል ማለትን የለመድኩት ከልጅነቴ ነው፤ ዛሬም ሬሳው ቤት እንዳለ አሰብኩት።

ወደ ጎንደር የመጣነው ከወገራ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከሚያስኬድ አገር። መሬት ለአራሹ ከመባሉ በፊት ይሁን በኋላ ዛሬ ይምታታብኛል። ብቻ አባቴ መሬቱን አጣ፤ ቄስ ስለነበር ደግሞ አንድ ያገሩ ሰው ከጎንደር አድባራት በአንዱ የቅዳሴ ተራ አስገኘለት። ገብስ በጫነ ማኪና፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጠን ገባን። በወገራ ብርድ ማዕረግ የነበረው የበግ ጠጉር በርኖሳችን ጎንደር ስንደርስ መሳቂያ ሆነ። የሰፈሩ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው "በጎቹ መጡ" ይሉን ነበር። የተከራየነው ከእትዬ ባንቻምላክ ግቢ አንዲት ክፍል ነው። እትዬ ባንቻምላክ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው ስለታም እጃቸው ግን ለጋስ የሆነ የጎንደር ሴት ነበሩ፤ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ እሱም አስናቀ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ነው። በጎች ያላለን እሱ ብቻ ነበር። በርኖሴን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ክሩን አገላብጦ አየና ማን እንደፈተለው ጠየቀኝ። እናቴ ናት አልኩት። "ሸጋ ነው" አለኝ፤ የእኛን የባላገሮቹን ቃል ሆን ብሎ ተውሶ። ያኔም ከሰው ፊት ይልቅ ጨርቁን ነበር የሚያየው።

አገሩን የለቀቀ ሰው ልጁን አጥብቆ ይይዛል። የጎንደር ልጅ ቢያጠፋ ልጅ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ እኛ ብናጠፋ የእነዚያ የወገራዎች ልጅ ይባላል። በየወሩ ያገራችን ሰዎች ተራ በተራ በየቤቱ የሚሰበሰቡበት ማኅበር ነበረን። ሰብሳቢው አያ ደሴ የሚባል እህል ነጋዴ ነው፤ ለአባቴ የቅዳሴውን ተራ ያስገኘለትም እሱ ነበር። ጠላው ከተቀዳ፣ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ የማን ልጅ ሲጋራ እንዳጨሰ፣ የማን ልጅ ጸጉሩን እንዳጎፈረ፣ የማን ልጅ ጾም እንደገደፈ ይነገራል። አባቴ ሰው ሲበተን ጥምጥሙን እያስተካከለ፣ እዚህ ርስት የለንም፣ ያለን ስማችን ነው ይለን ነበር። በየወሩ ይህንኑ ይለናል። እናቴ አጎንብሳ የጠላውን ዋንጫ ትሰበስባለች።

ስለዚያ የደርግ ዘመን ሰው ሲያወራ ስለ ሞትና ስለ ሰዓት እላፊ ነው፤ እውነት ነው፣ ነበር። እኔን ግን የሚታየኝ ልብሱ ነው። አስናቀ ደብተሩን ጥሎ መቀስ ያዘ፤ አንድ ሽማግሌ ሰፊ ዘንድ ተማረና ሃያ ዓመት ሲያልፈው ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ። ከጉልበቱ ጠብቆ ከታች እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ሱሪ፣ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ የቴትሮን ሸሚዝ፣ ወገቡ የገባ ኮት ይሰፋ ነበር። ሱሪ ማሰፊያ ሁለት ብር፣ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲም አሥር ሳንቲም ነው። የአዘዞ ጋሪዎች ፈረሶቻቸው ላብ በላብ ሆነው ፒያሳ ይደርሳሉ፤ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የህንድ ፊልም ሥዕል ይሰቀላል፤ ከፊቱ ያለው ሻይ ቤት ቴፑን ከፍ አድርጎ ይከፍታል። እኔ ያኔ ውሃ ሥራ ተቀጥሬ ቆጣሪ አነብ ነበርና የከተማው መንገድ ሁሉ ምክንያቴ ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ሳላልፍ የዋልኩበት ቀን የለም። የሻይ ቤቱ ዘፈን ስለ አንዲት ልጅ ዓይን ነበር። አስናቀ ቀና ሳይል የስፌት መኪናውን እየረገጠ በከንፈሩ ብቻ ይቀበለዋል፤ ዘፋኙ "ዓይንሽ" ያለውን እሱ "ዓይንህ" ይለዋል። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ ለዚህ ነገር ስም አልነበረንም። በልጅነቴ በሌሎቹ ልጆች ላይ የማላየው አንድ ነገር በእኔ ላይ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ሲያወሩ ስለ ሴት ልጅ ነው፣ እኔ የማስበው ግን የአስናቀን አንገት ነው። ኃጢአት መሆኑን የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንድ እንግዳ ሰባኪ ስለ ሰዶምና ገሞራ ሲያስተምር እሳቱ ሲወርድ ይታየኝ ነበር፤ አባቴ ነጭ ለብሶ ከፊት ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ቀን ወዲያ የቆረብኩት ቁርባን የለም። ሆኖም ከአስናቀ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ስንሄድ ማንም ዞሮ አያየንም ነበር። ወንድና ወንድ እጅ ለእጅ መያያዝ ያገሩ ወግ ነው። ዛሬ ነገሩ ስም አግኝቷል፤ ስሙም በየስልኩ መሳደቢያ ሆኗል። ባለፈው ሻይ ቤት ተቀምጬ አንድ ጎልማሳ እንደነዚህ ያሉትን በቁማቸው ማቃጠል ነበር ሲል አጠገቡ ያሉት ሁሉ ልክ ነህ አሉት። እኔ ሻዬን አማሰልኩ። ከዚያ ስወጣ ሁለት ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡና ሰው ሲያዩ ለቀቁ። ይሄ በእኛ ጊዜ አልነበረም ብዬ አዘንኩላቸው።

ያየን አያ ደሴ ነው። የጥምቀት ማግስት ነበር፤ ከተማው ደክሞት ተኝቷል፣ ገበያ የለም። ከቀትር በኋላ የአስናቀን በር ገርበብ አድርገን ተቀምጠናል። የከሰል ካውያው ገና አልበረደም። እጄ ፊቱ ላይ ነበር፤ ፊቱም ወደ ፊቴ ቀርቦ ነበር፤ ከዚህ በላይ ለምን ልናገር። አያ ደሴ ሊያሳጥረው ያመጣውን ሱሪ በክንዱ እንዳንጠለጠለ በሩን ገፋ። በሩን ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው፤ ሕፃን የተኛበት ቤት ይመስል። አስናቀ መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። "ፈንታ፣ ወደ ቤት አትሂድ" አለኝ። የት እሄዳለሁ?

አያ ደሴ ቀድሞኝ ለአባቴ ነግሮታል። አባቴ ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ በተሻለ። እናቴ ወንዝ ወርዳ ነበርና ብቻውን መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስገባ ቀና ብሎ አላየኝም። ጥምጥሙን በሁለት እጁ አወለቀ። ቄስ ልጁ ፊት ጥምጥሙን ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም፤ ጸጉሩ መሳሳቱን ያየሁት ያኔ ነው። ጥምጥሙን መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ከአገርህ ያወጣሁህ እኔ ነኝ" አለ። "እዚያው ብትቀር ይህ አያገኝህም ነበር። ቤቱን ማስተዳደር የማይችል ቄስ መቅደስ አይገባም።"

እንዳለውም አደረገ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ እንደ ንስሐ ገቢ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ቆሞ ያስቀድስ ጀመር። አያ ደሴ ለማኅበሩ ገና አልተናገረም፤ ሊናገር እንደሚችል ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለእናቴ ማንም አልነገራትም። "ምነው አባትህ ቅዳሴ ቀረ?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ ታሞ ነው እላታለሁ። ሕመሙ ምን እንደነበር ሳታውቅ ሞተች።

አባቴ ወደ ወገራ መልሶ ወሰደኝ፤ ጠበል። የሄድንበት ጠበል ከገደል ሥር ነው፤ ውሃው ጎህ ሲቀድ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አጥማቂው በመስቀል ግንባሬን እየደቃ "ማን ነህ? ተናገር!" ይላል። ግራና ቀኜ ያሉት ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይለፈልፋሉ። እኔ እንቀጠቀጣለሁ እንጂ የሚጮህ ነገር ከውስጤ አይወጣም። ከልቤ ፈልጌዋለሁ። በውስጤ ጋኔን ካለ በስመ አብ ይውጣልኝ ብዬ ለምኛለሁ፤ ብጠላው ይወጣልኛል ብዬ የአስናቀን ፊት በሐሳቤ ላስጠላው ሞክሬያለሁ። አልሆነም። አባቴ በየማለዳው አጠገቤ ይቆማል፤ ውሃው እሱንም ይነካዋል፤ ጋቢው ረጥቦ ሰውነቱ ላይ ይጣበቃል፤ እየሳለ ነው። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ደም የቀላቀለ አክታ ሲተፋ አየሁት። ቤታችን እንሂድ ብለው እምቢ አለኝ፤ አንተ ሳትድን አልሄድም አለኝ። በማግስቱ አጥማቂው ማን ነህ ሲለኝ ጮህኩ። "የአንገረብ ወንዝ ነኝ" አልኩ በሌላ ድምፅ፤ "ልብስ ሲያጥብ አግኝቼ ያዝኩት፤ አሁን ለቅቄያለሁ።" ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ጎንደር ስንመለስ ጥምጥሙን ጠመጠመና መቅደስ ገባ። ለአያ ደሴም ልጁ ከወንዝ መንፈስ እንደዳነ ነገረው፤ አያ ደሴም አመነ፣ ወይም ማመን ፈለገ።

የዳነ ሰው ደግሞ ይዳራል። ይታይሽ የአያ ደሴ የእህት ልጅ ናት፤ ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ አምጥተው ዳሩኝ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፊቷ እንደ ጠይም ዕንቁ የሆነች ልጅ። አንድም በደል የለባትም። ማታ ማታ ጀርባዬን ሰጥቻት ስተኛ መጀመሪያ ደክሞኝ መሰላት፤ ቀጥሎ እንድታረግዝ የማልፈልግ መሰላት፤ ከዚያ መልኳን ትመረምር ጀመር። ከጎረቤት መስታወት እየተዋሰች ስታይ አገኘኋት። ያን ቀን መሞት ተመኘሁ። ከአስናቀ ጋር እንዳንገናኝ ተማምለን ነበር፤ ብቻ አልፎ አልፎ የሚሰፋ ነገር ይዤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እገባ ነበር። ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ዘርግቶ ይለካኛል፤ በአፉ መርፌ ይዟልና አይናገርም። ይኸው ነው። አንድ ቀን ከዚያ ስመለስ ይታይሽ ምስር እየለቀመች ነበር።

"ሌላ ሴት አለችህ?" አለችኝ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

"የለችኝም።"

"ፊትህ ሰው የሚመስለው ከልብስ ሰፊው ቤት ስትመጣ ብቻ ነው" አለች።

ዳግመኛ አላነሳችውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሽማግሌ ይሰብሰብልኝ አለች። አባቴና አያ ደሴ ባሉበት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አጣፍታ፣ ከተማ አልተስማማኝም፣ ባሌንም ልወደው አልቻልኩም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ተናገረች። አያ ደሴ ቤተሰቡን አዋረድሽ ብሎ እዚያው ፊታችን በጥፊ መታት። አልጮኸችም። እኔንም አላየችኝም። ልናገር ተነሳሁ፤ ጉንጯን ይዛ ራሷን ወዘወዘችብኝ፣ ተው እንደማለት፤ ተቀመጥኩ። ወደ አገሯ ወስደው ለአንድ ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌ ሰጧት። ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ሄጄ ማክሰኝት ገበያ ላይ ጤፍ ስትሸምት አገኘኋት፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ስለ ልጆቿ አጫወተችኝ፤ ስለ እኔ አልጠየቀችም። ስንለያይ ብቻ "አሁንም እዚያው ታሰፋለህ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ሸጋ" አለችና ጤፏን አሸክማ ሄደች። በዚህ ዓለም ላይ እኔን ያወቀ ሰው ከአስናቀ ሌላ እሷ ብቻ ነበረች።

ይታይሽ በሄደችበት ዓመት አስናቀ ለዘመቻ ታፈሰ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ወጣቱን ከበው ጫኑት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሄደ አሉ፤ እኔ አላየሁም። ከሰሜን በኩል የሞተው፣ የተማረከው ስም ሲመጣ እትዬ ባንቻምላክ በየደጁ እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ እናት ስለሆኑ መጠየቅ ይችላሉ። እኔ ቆጣሪ እያነበብኩ ቤት ለቤት ስሄድ ልጁ ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ካለ ጆሮዬን አቆማለሁ እንጂ ስሙን መጥራት አልደፍርም። ዓመታት እንደዚህ ሄዱ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበትኖ በእግሩ እየለመነ ሲገባ፣ ቀኑን ሙሉ አዘዞ መንገድ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አያለሁ። አስናቀ በሌላ መንገድ መጥቶ ኖሮ እኔ እዚያ ቆሜ ሳለ ቤቱ ገብቷል። አንድ እግሩ አጥሮ፣ ጥርሶቹ ረግፈው። እናቱ ታመው አልጋ ላይ ናቸው፤ ሳልሞት አግባልኝና ልይህ ይሉታል። አልማዝ የምትባል የጎረቤት ልጅ አገባ። ሠርጉ ላይ የታረደውን በግ እግሩን ይዤያለሁ።

ሱቁን መልሶ ሲከፍት ጨርቅ ይዤ ሄድኩ።

"አግብቻለሁ ፈንታ" አለኝ፤ ሠርጉ ላይ ያልነበርኩ ይመስል።

"አውቃለሁ።"

"ደግ ሴት ናት። ልበድላት አልችልም።" ሜትሩን አነሳ። "ልብስህን ግን እኔ ልስፋልህ። ሌላ ሰው ጋ አትሂድ።"

ሌላ ሰው ጋ አልሄድኩም። እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ለፋሲካ አንድ ልብስ። በር ተከፍቶ፣ ልጆቹ ወለሉ ላይ በቁርጥራጭ ጨርቅ እየተጫወቱ፣ ኋላም ካደጉ በኋላ አጠገቡ ሌላ መኪና እየረገጡ። ትከሻ፣ ክንድ፣ ደረት፣ ወገብ። እጁ ከሚገባው በላይ አይቆይም፤ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ሜትሩ የተሳሳተ ይመስል ትከሻዬን ደግሞ ይለካዋል። ሰው መናኝ ይለኛል፤ የቄስ ልጅ ስለሆነ ሴት ሳያይ ይኖራል ይላሉ። አባቴም ሊሞት ሲል ያ ነገር ተመልሶብህ ያውቃል ብሎ ጠይቆኝ፣ አያውቅም ብዬው በሰላም አረፈ። ዘንድሮ ፋሲካ መንገድ ተዘግቶ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር ልብስ አላሰፋሁም። ከበዓሉ በኋላ እሄዳለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። መታመሙን እንኳ አልሰማሁም፤ ምኑ ነኝና ማን ይነግረኛል?

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሄድኩ። ድንኳኑ ጠባብ ነው። አልማዝ ሁለት ሴቶች ይዘዋት ደረቷን ትደቃለች፤ ሠላሳ ዓመት ያበሰለችለትን፣ ያጠበችለትን ትቆጥራለች፤ እውነቷን ነው። አንዲት አስለቃሽ፦

ለሰው ሁሉ ሰፍቶ ሲያለብስ የኖረ፣
ምነው የራሱን ልብስ ሳይጨርስ አደረ።

ስትል ድንኳኑ በሙሉ ተናወጠ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ጥርሴን ነከስኩ። ወንበሩ ላይ ያለነው ወንዶች የምናለቅሰው እንደ ዝምድናችን መጠን ነው፤ ወንድም እንደ ወንድም፣ አማች እንደ አማች። የእኔ መጠን ስንት እንደሆነ አላውቅም። የበኩር ልጁ ንፍሮ ይዞ ሲዞር ፊቴ ቆመ። ግንባሩ ልክ የአባቱ ነው።

"ጋሼ፣ አባባን በምን ያውቁታል?" አለኝ፣ በትሕትና።

"ደንበኛው ነበርኩ።"

"እግዜር ይስጥልን" አለና ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ።

ሬሳው ሲወጣ ቃሬዛውን ከሚሸከሙት መካከል ተጋፍቼ ገባሁ። የፊተኛውን ግራ ዘንግ ያዝኩና ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩት። ሰው ከእድሜዬ ያንን አልጠበቀም፤ ሁለት ሦስት ሰዎች ተው አሉኝ፣ አልሰማሁም። ከቤቱ ወደ ደብሩ የሚያወጣው መንገድ ዳገት ነው፤ ባጃጆቹ ዳር ይዘው ቆመው ያሳልፉናል፤ ሱቆቹ ለክብሩ በራቸውን ገርበብ አድርገዋል። በፒያሳ መሐል፣ በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ ተሸክሜው ሄድኩ። ከባድ አልነበረም። ከእግሩ ማጠር ይሁን ከሕመሙ፣ አንድ ፍሬ ልጅ ያህል ቀሎኛል። እምባዬ ሲወርድ ላብ ይመስላል፤ ማንም ላቤን ሊጠይቀኝ አይችልም። ሌሎቹ በየጥቂት እርምጃው ይቀያየራሉ፤ የቀኙን ዘንግ ሰው በሰው ተካው፣ የኋላዎቹም እንዲሁ። እኔን ሊተካኝ የመጣውን አንዴ በክርኔ መለስኩት፣ ሁለተኛውን እንዳላየ ሆኜ አለፍኩት።

የደብሩ አጥር ሲታይ የበኩር ልጁ ራሱ መጣ። ከጎኔ እየተራመደ እጁን ዘንጉ ላይ፣ ከእጄ አጠገብ አደረገው።

"ጋሼ፣ ይልቀቁልኝ" አለኝ በቀስታ። "ደከሙ። ደግሞም ተራ ነው።"

ለቀቅኩለት። ትከሻዬ ላይ ዘንጉ የተኛበት ቦታ ሲነድ ይሰማኛል። ከኋላ ከሚከተለው ሰው ጋር፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ ወደ ቀብሩ ሄድኩ።